እምነት አለቃውን ይግዛው፤ ሠራተኛውን አያስገድደው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በነጋዴ ወዳጆቼ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ድርጅት የሚመራ ሰው እምነቱን ቤቱ ትቶ ይምጣ ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ደርድረዋል። ንግድ ሃይማኖት የለውም። ሃይማኖተኛ አለቃ የእሱ ወገን ያልሆነውን ያገላል። እምነት ያከስራል። እምነቱን የሚያውጅ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ አስመሳይ ነው። ጸሎትና ይቅርታ ደግሞ የሥራ ዲሲፕሊን ያጠፋሉ። መጨረሻ ላይም እያንዳንዱ ድርጅት «እዚህ ግቢ ሃይማኖት አይነሳም» የሚል ደንብ እንዲያወጣ ይመክራሉ።

ጽሑፉ የታሰበበት ነው። ሁለተኛውን ነጥብ ከሞላ ጎደል እቀበለዋለሁ። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ሥራዬ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ መሥራት ነው። የሰው ደብተር ሳገላብጥ እውላለሁ። እምነት ድርጅት ውስጥ ገብቶ የሚያበላሸውንም የሚያቃናውንም የማየው እዚያ ነው። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

«ንግድ ሃይማኖት የለውም»

የት አገር ያለው ንግድ? እኛ አገር ሉካንዳ ቤቱ ራሱ በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ አለው። የማን ሥጋ እንደሆነ ሳያይ የሚገባ ሰው የለም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ብዙው ሉካንዳ ይዘጋል። ባለቤቱ ግድግዳውን ቀለም ያስቀባል፣ ሠራተኛው አገር ቤት ይሄዳል። ካፌው የጾም ማኪያቶና የጾም ኬክ ያወጣል። ዓርብ ቀትር ላይ መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ያለው ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ ለጁምዓ ይሄዳል። ክርስቲያን ጎረቤቱ ደንበኛውን «ትንሽ ጠብቀው፣ አሁን ይመጣል» ብሎ ወንበር ይሰጥለታል።

ባንኩንም እንየው። ወለድ ሐራም ነው ብሎ የሚያምን ሰው ለብዙ ዘመን ወይ ገንዘቡን ባንክ አያስገባም ነበር፣ ወይ አስገብቶ ወለዱን አይነካም። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ሂጅራም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ዛሬ ወለድ የሚከፍሉት ባንኮችም ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ ያመጣው የሰው እምነት ነው።

ጸሐፊው «ይሄ የደንበኛው እምነት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ አለቃው ነው» ሊሉ ይችላሉ። እሺ፣ ወደ አለቃው እንሂድ። አለቃው የሚወስነው በቁጥር ብቻ ነው ብለዋል። እኔ ቁጥሩን የምሠራለት ሰው ነኝ። ቁጥሩ ካዝና ውስጥ ስንት እንዳለ ይነግረዋል። ማንን ቀድሞ መክፈል እንዳለበት አይነግረውም።

አንድ ነገር ልጥቀስ። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል። ብር ሲያጥር ብዙ አሠሪ መጀመሪያ እጁን የሚሰነዝረው ወደዚህ ብር ነው። ባንክ ይደውላል፣ ዕቃ አቅራቢ በር ላይ ይመጣል፣ አከራይ ይቆጣል። የጡረታው ብር ግን አይጮህም። ሠራተኛዋ ደመወዟ ላይ ተቆርጦ ታየዋለች እንጂ ገቢ መደረጉን አታይም። ስትታመም ወይም ከሥራ ስትወጣ ነው ጉዱን የምታውቀው። አንድ ደንበኛዬ በጣም በጠበበው ወር «ከዚህ ላይ እንበደር እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው «ተወው፣ የሰው ነው» አለኝ። ይህን ከንግድ ትምህርት አላገኘውም። የሠራተኛን ደመወዝ ማሳደር ኃጢአት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ዘሌዋውያን ውስጥ ተጽፎለታል። ሙስሊሙም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን የነቢዩን ቃል ያውቀዋል። ይህ ሰው እምነቱን ቤቱ ትቶ ቢመጣ ኖሮ በዚያ ወር የምትጎዳው ሠራተኛዋ ነበረች።

«ሃይማኖተኛ አለቃ ሌላውን ያገላል»

እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ገንዘብ ያዥ ሲፈለግ «ከኛ ቤተክርስቲያን ታማኝ ልጅ ብትገኝ» ይባላል። አብሮ የሚሰግደው ሰው ወንድም ይቀጠርና ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ረዳት ይታለፋል። ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። በስልክ ነው የሚያልቀው። ተወዳድሮ የወደቀው ሰው ለምን እንደወደቀ አያውቅም።

መገለል ሁልጊዜ በክፋት አይመጣም። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አውቃለሁ። ባለቤቱ ጸሎተኛ ሰው ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሳይነሳ ሁሉም መጋዙ አጠገብ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ይዘመራል፣ ይጸለያል። ቫርኒሽ የሚቀባ አንድ ሙስሊም ልጅ አለ። ማንም ና አላለውም፣ ማንም ውጣ አላለውም። በሩ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። «አሜን» ሲባል ይገባል። ላየው ሰው ምንም ችግር የለበትም። ደመወዝ ስሠራ ግን የሰዓት መቆጣጠሪያው እጄ ገባ። የጠዋቱ ጸሎት የሥራ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ይከፈልበታል። ልጁ ዓርብ ለጁምዓ የሚወጣበት ሰዓት «ቀሪ» ተብሎ ይቆረጥበታል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጸሎት ይከፈልበታል፤ የእሱ ይቆረጥበታል» አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። እስከዚያ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አላዩም ነበር። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ሆነ፣ የፈለገ ይመጣል። የዓርቡም ቅጣት ቀረ።

ሕጉም ይህንኑ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሃይማኖት ሰውን ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ የእምነት ነፃነትን ሲያረጋግጥ ማንንም ማስገደድን ይከለክላል። ጋሼን ያስደነገጣቸው ግን አዋጁ አልነበረም። «ፈጣሪ ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው?» ነው ያሉኝ። ስህተቱን የሠራው ጸሎታቸው ነው ካልን፣ ያረመውም ያው እምነታቸው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። አለቃ እምነቱን ራሱ ላይ ሲጭነው ሌላው ይጠቀማል። ሠራተኛው ላይ ሲጭነው ግን ሠራተኛው እምቢ ማለት አይችልም። ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው «አብረን እንጸልይ» ሲባል ግብዣ ነው ወይስ ትዕዛዝ ብሎ ለመለየት ጊዜ የለውም፤ ይቆማል። ስለዚህ እምነት ያለው አለቃ ከማንም በላይ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። የሚታዘዝለት ሰው ልብ ደመወዝ ስለከፈለው አይገዛለትም።

የጸሐፊው መድኃኒት ግን በሽታውን አያድንም። እምነቱን ቤቱ የተወ አለቃም የአገሩን ልጅ ይቀጥራል፣ የሚስቱን ወንድም ይቀጥራል። እያየነው ነው። መድኃኒቱ የቅጥር ሥርዓት ነው፤ ግልጽ ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ከአንድ በላይ ሰው የሚያየው ውጤት። ይህ ለጸሎተኛውም ለማይጸልየውም አለቃ እኩል ያስፈልጋል።

«እምነት ያከስራል»

አዎ፣ አንዳንዴ ያከስራል። ብዙ ሃይማኖተኛ ነጋዴዎች ይህን ማመን አይወዱም። «በእምነት የሠራ አይከስርም» ይላሉ። ይሄ ትክክል አይደለም፤ ሰውንም ያሳስታል።

የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። ያለ ደረሰኝ አይሸጥም። ገዢው በር ላይ ቆሞ «ያለ ደረሰኝ ስንት ትለኛለህ?» ይለዋል። «ያው ነው፤ ቫቱ የመንግሥት ነው፣ የኔ አይደለም» ይለዋል። 15 በመቶ ቀላል ልዩነት አይደለም። ገዢው ሁለት በር አልፎ ይገዛል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወጪውን በደረሰኝ ማወራረድ ያለባቸው ድርጅቶች ወደ እሱ መጥተዋል፣ እውነት ነው። የሄዱት ሁሉ ግን አልተመለሱም። ትርፉ ከጎረቤቶቹ ያነሰ ነው። ይህን ያውቃል፣ አውቆም ነው የሚሠራው። ጸሐፊው ይህን ሰው «ንግድ የማይችል» ይሉታል። እኔ ደግሞ የንግዱን ወሰን ራሱ የወሰነ ሰው እለዋለሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ቺክፊሌ የሚባለውን የዶሮ ምግብ ቤት ታውቁታላችሁ። መሥራቹ ትሩየት ካቲ እ.ኤ.አ. በ1946 አትላንታ አጠገብ ሃፕቪል ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። ክርስቲያን ነበርና እሑድ ዘጋ። ቺክፊሌ ዛሬም እሑድ ዝግ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እየዘጋ እንኳ የአንድ ቅርንጫፉ አማካይ ሽያጭ ከማክዶናልድስ ይበልጣል። ይህን ምሳሌ የሚወዱ ሰዎች «አያችሁ፣ ተባረከ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልከራከርም። እሑድ ዘግተው የከሰሩም ይኖራሉ፣ ታሪካቸውን ግን ማንም አይጽፍላቸውም። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ ዕረፍቱን ለራሱ ብቻ አላደረገም። ዶሮ የሚጠብሰውም አረፈ።

እኛ ጋ ይህ ሲገለበጥ አያለሁ። ባለቤቱ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይሄዳል። ሻጭዋ ሱቅ ውስጥ ናት። ሰኞም አለች፣ ቅዳሜም አለች። የሚቀጥለው እሑድም አለች። አዋጁ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣታል። የባለቤቱ መጽሐፍ ደግሞ ከአዋጁ በፊት አገልጋይህም ገረድህም ይረፉ ብሎታል። ሰንበትን ማክበር ካለ ከእሷ ይጀምር። እሑድ መዝጋት የማይችል ከሆነ ሌላ ቀን ይስጣት። ይህ ወጪ አለው፤ የእምነቱ ዋጋ እሱ ነው።

ስለ ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ ገበያችን ውስጥ መሐላ እንዴት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። «ማርያምን፣ በዚህ አልገዛሁትም!» «ወላሂ፣ አያዋጣኝም!» ይባልና ገዢው ሦስት እርምጃ ሲራመድ «ና በቃ ውሰድ» ይባላል። እንግዲህ እምነት ሱቁ ውስጥ አለ። ያለው ግን ውሸት ለማጀብ ነው። ክርስቶስ ጨርሳችሁ አትማሉ ብሏል። ነቢዩ ሙሐመድም መሐላ ዕቃ ያሸጣል፣ በረከት ግን ያጠፋል ብለዋል።

በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተነሱ ክዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ይህን ቃል እንዳለ ያዙት። ፍርድ ቤት እንኳ አንምልም አሉ፤ ብዙዎቹ ታሰሩበት። ሱቃቸው ውስጥ ደግሞ ዋጋ ጨምሮ ጠርቶ በክርክር መቀነስ ውሸት ነው ብለው አንድ ዋጋ ብቻ መጥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ደንበኛ ሸሻቸው። ሰው መከራከር ለምዷላ። ቆይቶ ግን ልጅ ቢላክ የማይታለልበት ሱቅ የእነሱ ሆነ። ባርክሌይስና ሎይድስ ባንኮችን፣ ካድበሪ ቸኮሌትን ካቋቋሙት ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች መካከል የወጡ ይገኙበታል። መርካቶ ውስጥም «አንድ ዋጋ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ደንበኞቹ ሰፈሩን ሁሉ አልፈው ወደ እሱ ይሄዳሉ።

«እምነቱን የሚያውጅ አስመሳይ ነው»

ግድግዳው ላይ ሥዕለ አድኅኖ ሰቅሎ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅል አለ። ዱዓ አድርጎ ሚዛን የሚያጎድልም አለ። አልክድም። ጸሐፊው ካመጡት ምሳሌ የባሰም ልስጣቸው፤ አሁን ካመሰገንኳቸው ከክዌከሮቹ ከካድበሪዎች።

ጆን ካድበሪ በርሚንግሃም ውስጥ ሻይ፣ ቡናና ካካዎ የሚሸጥበትን ሱቅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ልጆቹ ሪቻርድና ጆርጅ በ1879 ፋብሪካውን ከከተማው ጭስ አውጥተው ቦርንቪል ወሰዱት። በኋላ ጆርጅ እዚያው የአትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች የተሠሩበት መንደር መሠረተ፤ ነዋሪዎቹ የፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም። በዘመኑ የተደነቀ ሥራ ነበር። ያው ኩባንያ ግን ካካዎ ይገዛ የነበረው ከሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ደሴቶች ጭምር ነው። የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበሩ። እርሻው ላይ የሚሠሩት ከአንጎላ የሚጋዙ ሰዎች ናቸው። በወረቀት የኮንትራት ሠራተኛ ይባላሉ፤ በተግባር ባሪያዎች ነበሩ። ወሬው ለኩባንያው የደረሰው በ1901 ነው። መግዛት ያቆመው በ1909 ነው። በመሃል መልእክተኛ ላከ፣ አጣራ፣ ከመንግሥት ጋር ተነጋገረ፤ መግዛቱን ግን አላቆመም። የለንደኑ ስታንዳርድ ጋዜጣ ይህን አንስቶ ጻፈ። ካድበሪዎች ስማችን ጠፋ ብለው ከሰሱ። በ1909 ዳኞቹ ፈረዱላቸው፤ የፈረዱላቸው ካሣ ግን አንድ ፋርዚንግ ነው፣ የፔኒ ሩብ።

ጸሐፊው ይህን «እምነት ከንግድ ይውጣ» ለማለት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ያንን ካካዎ የሚገዙ ሌሎችም ነበሩ። ጋዜጣው ካድበሪዎች ላይ የበረታው ስለ ሰው ክብር የሚናገሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሰው የተናገረውን ይዞ ነው የሚጠየቀው። ምንም ያልተናገረውን አለቃ በምን ትጠይቀዋለህ? «ትርፍ ነው የምፈልገው» ካለ ቃሉን ጠብቋል። እምነቱን ያወቅሁበትን ሰው ግን ደብተሩን ይዤ «ይሄ ከምታምነው ጋር ይሄዳል ወይ?» ማለት እችላለሁ። ጋሼንም የጠየቅኳቸው በዚሁ ነው። ስለዚህ እምነቱን የሚናገር ነጋዴ ሲጠየቅ መቆጣት የለበትም። ሠራተኛው፣ ደንበኛው፣ ጋዜጠኛው፣ ሁሉም ይጠይቀው። መጠየቅ የማይፈልግ ከሆነ ያኔ ሥዕሉን ከግድግዳ ያውርድ።

«ጸሎትና ይቅርታ ዲሲፕሊን ያጠፋሉ»

ይህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዕቅድ ሳያወጡ «እግዜር ያውቃል» ማለት ስንፍና ነው፤ የትኛውም ሃይማኖት አላስተማረውም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመት ከምርቱ አምስተኛውን እያስቀመጠ ነው ረሃቡን ያለፈው።

ከካዝና ብር ወስዳ የተገኘች ገንዘብ ያዥስ? ይቅር ማለት ይቻላል። ይቅር ማለት ግን የካዝናውን ቁልፍ መልሶ መስጠት ማለት አይደለም። ስሟን ሰፈር ውስጥ ሳያጠፋ፣ የሠራችበትን ከፍሎ፣ ጉድለቱን ቀስ ብላ የምትከፍልበትን መንገድ ተስማምቶ ያሰናበታት ሰው አውቃለሁ። ሥርዓቱም ተጠበቀ፣ እሷም አልጠፋችም። ከዚያ በኋላ ካዝናው በሁለት ሰው እንዲቆጠር ተደረገ። ይሄም ለሚቀጥለው ገንዘብ ያዥ ምሕረት ነው፤ ብቻውን ለፈተና አይተዉትም።

ስለ ደንቡ

ጸሐፊው የሚሉት ደንብ ቢወጣ ልጁ ለጁምዓ መውጣቱም፣ ሠራተኛዋ ለጥምቀት ፈቃድ መጠየቋም፣ ጾመኛው ምሳ ላይ ሥጋ አልበላም ማለቱም «ሃይማኖት ማንሳት» ሊባል ነው። አለቃው ልማዱን ይዞ ይቀጥላል፤ የሚጨነቀው የበታቹ ይሆናል።

ደንብ ይጻፍ ከተባለ እኔ የምጽፈው ይህን ነው። ጸሎት ካለ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ያልመጣ ሰው ለምን ቀረህ አይባል። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ የትኛው ቤተ እምነት ትሄዳለህ የሚል ጥያቄ አይነሳ። ለአንዱ የጾም ምሳ ከተዘጋጀ በረመዳን ለሌላው የማፍጠሪያ ሰዓት ይታሰብለት። የሳምንት ዕረፍት ለሻጭዋም ለዘበኛውም ይድረስ። ለቤተ እምነት የሚሰጥ ገንዘብ ከባለቤቱ የትርፍ ድርሻ ይውጣ እንጂ ከሠራተኛው ደመወዝ «በፈቃደኝነት» አይቆረጥ። የጡረታው ብር በወሩ ገቢ ይደረግ፤ ደረሰኙም ሠራተኛው ማየት የሚችልበት ቦታ ይለጠፍ። ከዚህ ሥር ባለቤቱ ይፈርም።

ለጥቂት ደንበኞቼ ይህንን አሳይቻቸዋለሁ። የመጨረሻው ላይ ፊታቸው የሚለወጥ አሉ፤ ድርድራችን ያለው እሱ ላይ ነው። ጸሐፊው የሚጨምሩት ወይም የሚያወጡት ካለ ቢጽፉልን እኔም አነባለሁ፣ ለእነሱም አደርሳለሁ።